የመርከብና የጀልባ ሬዲዮ አያያዝና ብልሽት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ሬዲዮ ይዞ ቱሉ ዲምቱ ያለችው የጥገና ሱቄ የሚመጣ ሰው ስለማይጠፋ፣ ሁሌ የምመልሰውን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ።

ይሄ ሬዲዮ ከተራው ወኪ ቶኪ በምን ይለያል?

ላያቸው ያው ነው፣ አንቴና አለው፣ ተጭነው የሚያወሩበት በተን አለው። ልዩነቱ ፍሪኩዌንሲው ላይ ነው። የመርከብ ሬዲዮ የሚሠራው በዓለም ደረጃ ለመርከብና ለጀልባ በተመደበው ከ156 እስከ 162 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የቪኤችኤፍ መስመር ነው፣ ቻናሎቹም ከፋብሪካ ተሞልተው ነው የሚመጡት፣ እንደ ሳይት ሬዲዮ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የፈለጋችሁትን አትሞሉበትም። ቻናል 16 ማለት 156.800 ነው፣ የጥሪና የድረሱልኝ ቻናል፣ ጅቡቲም ሆናችሁ ሲንጋፖር ያው ነው። ቻናል 70 ደግሞ ለዲጂታል ጥሪ፣ ማለትም ሬዲዮው ራሱ ያለ ድምፅ ለሚልከው ጥሪ ብቻ ስለሆነ በአፍ አይወራበትም፣ አብዛኛው ሬዲዮ ማይኩን ራሱ ይዘጋባችኋል፣ እና «70 ላይ አላወራ አለኝ» ብላችሁ አትምጡ።

የእጁ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይ 6 ዋት ነው፣ ጀልባ ላይ የሚገጠመው 25 ዋት። ሁለቱም ወደ 1 ዋት ዝቅ የሚያደርግ በተን አላቸው። ይቺን በተን ያዟት፣ ወደ ታች ብዙ ቦታ ላይ ትጠቅመናለች።

እዚህ አዲስ አበባ ዙሪያ ከፍቼው ምንም አይሰማም፣ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም፣ ማን ያውራላችሁ? ከሰበታ የሚነሳው የባቡር መስመር ጅቡቲ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ የዚህ ሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ውሃ ላይ እንኳን ከአስር ከሃያ ከበዛ ከብዙ አስር ኪሎ ሜትር አያልፍም። ገላን ቁጭ ብሎ ቻናል 16 ላይ መርከብ መጠበቅ ማለት አቃቂ ወንዝ ዳር ቆሞ አሣ ነባሪ መጠበቅ ነው። ዝም ማለቱ ጤነኛነቱ ነው።

የአየር ሁኔታ ቻናሉም እንደዛው ነው፣ ስክሪኑ ላይ ምልክቱ ስላለ ሰው ይጠብቃል፣ አገልግሎቱ ግን የአሜሪካና የካናዳ ነው። መቀበሉን ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የስኩዌልቹን ቁልፍ (ደካማውን ጩኸት የሚዘጋውን) እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ ሽሽሽ የሚል እኩል የሆነ ድምፅ ከሰጣችሁ ስፒከሩም የመቀበያው ክፍልም ቢያንስ በሕይወት አለ።

ለግቢ ጥበቃ ወይ ለሳይት ልጠቀምበት እችላለሁ?

አትችሉም፣ ወይም በትክክል ለመናገር አይፈቀድላችሁም። እዚህ አገር የትኛውንም ፍሪኩዌንሲ ለመጠቀም ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ሕጉም አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። የመርከብ ቻናል ደግሞ ስሙ እንደሚለው የመርከብ ነው፣ ለኮንዶሚኒየም በር አይደለም። አንድ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ሥራ የያዘ ሰውዬ ስድስት ፍሬ ገዝቶ መጥቶ «ሁሉም አንድ ላይ እንዲያወሩ አስተካክልልኝ» አለኝ፣ ሻጩ «ውሃ የማያስገባ ወኪ ቶኪ ነው» ብሎ ነው የሸጠለት፣ እውነቱን ነው ውሃ አያስገባም፣ ሌላውን ግን ሳይነግረው ቀረ። መለስኩት።

ለሳይት የሚሆን ሬዲዮ ለየብቻው አለ፣ ፈቃዱን አውጥታችሁ የተሰጣችሁን ፍሪኩዌንሲ የሚሞላበት። ሐይቅ ላይ ጀልባ ያላችሁም ብትሆኑ ፈቃዱን መጀመሪያ ጠይቁ። እኔም ሱቅ ውስጥ ሳስተካክል ወደ አየር አልለቅም፣ በአንቴናው ፋንታ ዳሚ ሎድ የሚባል 50 ኦም የሆነ ነገር አስሬ ነው የምለካው፣ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል እንጂ ከሱቅ አይወጣም።

ሽሽሽ እያለ ያስቸግረኛል፣ ሲዘጋው ደግሞ ሰው አይሰማም፤ ምን ላድርግ?

ስኩዌልች ነው። ስኩዌልች ማለት እንደ በረኛ ነው፣ ደካማውን ጩኸት አያስገባም ጠንከር ያለውን ያስገባል። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት ሽሽታው ይምጣ፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ሽሽታው ልክ ጥፍት እስኪል ድረስ አዙሩ፣ እዛው አቁሙ። ብዙ ሰው እስከ ጥግ ያዞረውና ሬዲዮው ዝምታ ስላመጣ ደስ ይለዋል፣ ከሩቅ የሚጠራው ሰው ግን ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ቻናሉ ብቻውን ይቀያየራል፣ ወይም በተኑ ምንም አይታዘዝም፤ ተበላሸ?

ብቻውን ከተቀያየረ ስካን ወይም ዱዋል ዋች በርቷል፣ ዱዋል ዋች ማለት እናንተ ያላችሁበትን ቻናልና 16ን እየተመላለሰ ማዳመጥ ነው። አጥፉት። በተን እምቢ ካለ ስክሪኑ ላይ ትንሽዬ የቁልፍ ምስል ፈልጉ፣ ኪይሎክ ገብቶ ይሆናል፣ አብዛኛው ላይ አንዱን በተን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ይፈታዋል። ለዚህ ሒሳብ አልጠይቅም፣ ግን ታክሲ ከፍላችሁ ነው የምትመጡት።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ካርቶኑ ላይ ግን ብዙ ሰዓት ይላል፤ ተሸወድኩ?

ካርቶኑ ላይ ያለው ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከመቶ 5 እጅ ስታወሩ፣ 5 እጅ ስትሰሙ፣ 90 እጅ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ተብሎ ነው። እኛ ደግሞ ወሬ እንወዳለን። በ5 ዋት ማውራት ባትሪውን ከማዳመጥ በብዙ እጥፍ ይበላል፣ ስለዚህ ቅርብ ላለ ሰው 1 ዋት ላይ አድርጋችሁ አውሩ።

ይሄ ተደርጎም ካለቀ የባትሪውንና የቻርጀሩን የብረት ነጥቦች እዩ። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነገር ከያዘ በደረቅ ላጲስ ፈግፍጉት፣ ከዛ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉት። በሳንቲም ወይ በካቻቢቴ አትፋቁ፣ ላዩ ላይ ያለችው ስስ ሽፋን ከሄደች ከዛ በኋላ ሁልጊዜ ነው የሚዝገው። ሊትየም ባትሪ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ወይም ባዶውን ለወራት አታስቀምጡት፣ ግማሽ አካባቢ አድርጋችሁ ከሬዲዮው ነቅላችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት፣ በየሁለት ሦስት ወሩ እዩት። ካበጠ በቃ አለቀለት፣ ወግታችሁ ልታስተነፍሱት እንዳትሞክሩ፣ እሳት ነው።

ውሃ አያስገባም ተብሎ ውሃ ገባበት፣ ምን ላድርግ?

አይፒኤክስ 7 የሚባለው ምልክት ማለት 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ አይጎዳም ማለት ነው፣ ይሄ ግን አዲስ ሳለ ነው። ውሃውን የሚከለክለው ቀጭን የጎማ ቀለበትና የሶኬቶቹ ክዳን ነው፣ ጎማ ደግሞ ያረጃል፣ ይደርቃል፣ አንድ የአሸዋ ፍሬ ሥሩ ከገባ ወይም ባትሪው በደንብ ሳይቆለፍ ከቀረ ያ ምልክት ወሬ ብቻ ነው። የማይኩን ክዳን ቆርጦ የጣለ ሰው አይቻለሁ፣ «ያስቸግረኛል» ብሎ።

ከገባበት አጥፉት፣ ባትሪውን ነቅላችሁ አውጡ፣ «ይሠራል ወይ» ብላችሁ ለማየት እንዳትከፍቱት፣ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ውሃው ሳይሆን ውሃው እያለ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። የጨው ውሃ ከሆነ ላዩን በንጹሕ ውሃ አጥቡት፣ ጨው ከቀረ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ለወራት ይበላዋል። ሐይቅ ስለሆነ ጨው የለውም እንዳትሉ፣ ዝዋይ እሺ፣ አቢጃታና ሻላ ግን የሶዳ ሐይቅ ናቸው፣ ነጩን ዱቄት ዳሩ ላይ አይታችሁታል። ሩዝ ውስጥ ቅበሩት የሚለው ምክር ላይ እምነት የለኝም፣ ሩዝ የዝገት ጨው አያወጣም፣ የሩዝ ብናኝ ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ ያስገባል። ንፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በፀጉር ማድረቂያ አትጥበሱት፣ ጎማው ይበላሻል። ከዛ ከፍቶ ቦርዱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ የሚያጥብ ሰው ጋ በቶሎ ውሰዱት፣ በሁለተኛው ቀን የመጣና በሁለተኛው ወር የመጣ በጣም ይለያያል።

ለጎማው ሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ቫዝሊን አይሆንም፣ ከነዳጅ ስለሚሠራ ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል።

ድምፁ ታፍኖ እንደ ጆንያ ውስጥ ነው የሚሰማው፣ ስፒከሩ ሞተ?

ገና ነው። የስፒከሩ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ጭቃ ተቀምጦ ይሆናል፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። አንዳንድ የአይኮም ሬዲዮ ስፒከሩን አንቀጥቅጦ ውሃውን የሚተፋ ፈንክሽን አለው፣ ማንዋሉ ላይ እዩት። በመርፌ ግን አትጎርጉሩ! ከቀዳዳው ኋላ ውሃ የሚከለክል ስስ ሽፋን አለ፣ እሱን ከበሳችሁት አይፒኤክሱንም ስፒከሩንም አብራችሁ ገደላችሁ። በዚህ የመጡልኝ ውሃ ገብቶባቸው ከመጡት አያንሱም።

እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ ግን አይሰሙኝም። ለምን?

ይሄ የጥያቄዎች ሁሉ ንጉሥ ነው። ሬዲዮው ተሰብሮ የሚሆነው ጥቂቱ ነው፣ ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ስትጫኑ ቀዩ መብራት ወይም የማስተላለፊያው ምልክት ይመጣል? ካልመጣ በተኑ ወይም የማይኩ ገመድ ነው፣ የተጠማዘዘው ገመድ ማይኩ አንገት ላይ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል፣ እየጫናችሁ ገመዱን ወዘወዝ አድርጉት፣ አንዴ እሺ አንዴ እምቢ ካለ ተገኘ። ምልክቱ መጥቶ ድምፅ ብቻ ከሌለ ማይኩ ነው፣ ወይም ጣታችሁ የማይኩን ቀዳዳ ሸፍኖታል፣ አትሳቁ ይሄም አለ። የሚሰማችሁ ሰው «ሽሽታው ቆሞ ዝምታ ይመጣል» ካለ ሞገዱ ደርሷል ድምፁ ነው የቀረው ማለት ነው፣ ይቺን መጠየቅ ግማሹን ሥራ ትቀንሳለች።

ቀጥሎ 1 ዋት ላይ ሆኖ እንዳይሆን አረጋግጡ፣ የሩቅ ሰው በ25 ዋት ስለሚልክ ይሰማችኋል፣ የእናንተ 1 ዋት እሱ ጋ አይደርስም። ቻናል 15ና 17 ላይ ከሆናችሁ ሬዲዮው ራሱ ነው 1 ዋት ላይ የሚያስቀምጣችሁ። ይሄም ካልሆነ አንቴናና ኮኔክተር ነው፣ ምክንያቱም መቀበል ታጋሽ ነው፣ ዝገት ባለው ኮኔክተር እንኳን ትንሽ ነገር ይገባል፣ መላክ ግን ምሕረት የለውም። ስለ አንቴናው ወደ ታች አለ።

ሁለቱን ሬዲዮ አንድ ክፍል ውስጥ ይዛችሁ ግን አትፈትሹ። ያኛው ስፒከር ወደዚህኛው ማይክ ይመለስና ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ያመጣል፣ አንዳንዴም ከቅርበቱ የተነሳ መቀበያው ይታፈናል፣ ሰው ይሄን አይቶ ሁለቱንም ጥሎ ሌላ ሁለት ሊገዛ ነበር።

ስጫነው ሬዲዮው ይጠፋል፣ ሳልጫነው ደህና ነው። ምን ይሆን?

ኃይል አነሰው። 25 ዋት የሚልክ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ከግማሽ አምፔር ብዙም አይበላም፣ ሲልክ ግን ከ5 እስከ 6 አምፔር ይጎትታል። ቤት ውስጥ ለመሞከር የዋይፋይ ወይ የካሜራ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ላይ የሚሰክ ሰው አለ፣ ሲሰማ አሪፍ ነው፣ ሲጫን ድፍት። ወደ 1 ዋት አውርዱና ተጫኑ፣ ካልጠፋ ሬዲዮው ሳይሆን ምግቡ ነው ችግሩ።

ጀልባ ላይ ከሆነ ቴስተራችሁን ባትሪው ላይ ሳይሆን ሬዲዮው ጀርባ ላይ አድርጉ፣ እየጫናችሁም ለኩ። ባትሪው ላይ 12.6 ሆኖ ሬዲዮው ጋ 10.5 ከሆነ ሁለት ቮልቱን መንገድ ላይ የበላው ነገር አለ፣ ቀጭን ገመድ፣ የዛገ ፊውዝ ማስቀመጫ ወይም የላላ ብሎን። እጃችሁን በገመዱ ላይ አስኪዱ፣ የሞቀበት ቦታ እዛ ነው ሌባው። ፊውዙን በወፍራም ሽቦ መተካት የምትወዱ ሰዎች ደግሞ አላችሁ፣ አታድርጉት። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጦ ተሰክቶ ከዛ በኋላ አዲስ ፊውዝ በገባ ቁጥር ወዲያው የሚቃጠል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጥ ያለችው መከላከያ ዳዮድ ናት ራሷን የሠዋችው፣ እሷን መቀየር ቀላል ነው፣ በሽቦ ካለፋችኋት ግን ሙሉው ቦርድ ነው የሚሄደው።

አንቴናውን በቴስተር ለካሁት ሾርት ነው ይላል፣ ልጣለው?

ቆይ! ብዙ የጀልባ አንቴና ውስጡ ጥቅል ሽቦ ስላለው በቴስተር ሲለካ ሆን ተብሎ ሾርት ነው የሚያሳየው፣ ለሬዲዮ ሞገዱ ግን ሾርት አይደለም። በዚህ ምክንያት ደህና አንቴና የተጣለበትን ቀን አልረሳውም፣ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። ትክክለኛው አሠራር ገመዱን ከአንቴናውም ከሬዲዮውም ነቅላችሁ ገመዱን ብቻ መለካት ነው፦ መሐሉ ከመሐሉ መገናኘት አለበት፣ መሐሉ ከዙሪያው መገናኘት የለበትም። እዚህ ላይ ከተገናኘ ኮኔክተሩ ውስጥ አንድ የሽቦ ፀጉር ተሻግራለች ወይም ውሃ ገብቷል።

አንቴናውን ራሱን በትክክል የሚነግራችሁ የኤስደብልዩአር ሜትር ነው፣ የላካችሁት ጉልበት ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚመጣ ያሳያል። 1.5 እና ከዛ በታች በጣም ጥሩ፣ እስከ 2 ይኬዳል፣ 3 ከደረሰ ማስተላለፍ አቁሙ። ሜትሩ ለቪኤችኤፍ የተሠራ ይሁን፣ የከባድ መኪና ሲቢ ሬዲዮ ሜትር እዚህ ላይ ይዋሻል። አንቴና ሳይታሰር ተጭኖ መሞከርም አይሆንም፣ አንዳንዱ ሬዲዮ መከላከያ አለው፣ የሌለው ግን የመጨረሻው ትራንዚስተር ይቃጠላል፣ ዋናው ውድ ዕቃ ደግሞ እሱ ነው።

ገመዱም ይቆጠራል። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭኑ 15 ሜትር ያህል ሲሄድ ከጉልበታችሁ ግማሹን ይበላል፣ 25 ዋት ከፍላችሁ 12 ዋት ነው አንቴናው ጋ የሚደርሰው። ረጅም ከሆነ ወፍራሙን አርጂ-213 ተጠቀሙ። የቴሌቪዥን የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፣ ይሄ 50 ነው የሚፈልገው፣ ቤት ስላለ ብቻ አትቀጥሉት። ፒኤል-259 ኮኔክተሩ ራሱ ውሃ አይከለክልም፣ ከታሰረ በኋላ ራሱን በራሱ በሚይዝ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉት።

ሁለቱም ሬዲዮ አንድ ቻናል ላይ ነው፣ ሁለቱም ደህና ነው፣ ግን አይሰማሙም። እንዴት ይሆናል?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ቻናሉ ዱፕሌክስ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ቻናል 26 ላይ መርከብ በ157.300 ይልካል በ161.900 ይሰማል፣ ወደቡ ደግሞ በተቃራኒው። ስለዚህ ሁለት ጀልባ 26 ላይ ቢሆኑ ሁለቱም በአንዱ በር ይጮኻሉ ሁለቱም በሌላኛው በር ያዳምጣሉ፣ አይገናኙም። ጀልባ ከጀልባ ለማውራት በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ቻናል ያስፈልጋል፣ እንደ ቻናል 6።

ሁለተኛው፣ ብዙው ሬዲዮ ዓለም አቀፍ፣ አሜሪካና ካናዳ የሚሉ ሦስት አቀማመጦች አሉት። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ሬዲዮ አሜሪካ ላይ እንደተቀመጠ ነው የሚመጣው፣ እዛ ላይ አንዳንዱ ቻናል ቁጥሩ ተመሳሳይ ሆኖ ፍሪኩዌንሲው ይለያል፣ የድሮው 22ኤ የሚባለው ከዓለም አቀፉ 22 ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱንም ዓለም አቀፍ ላይ አድርጉ። ዱባይ በኩል የመጣና ከዘመድ የመጣ አንድ አንድ ይዘው ሲመጡ ገና ሳልነካው መልሱን አውቀዋለሁ።

ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ሻጩ 30 ብሎኛል።

የሚወስነው ዋቱ ሳይሆን የአንቴናው ከፍታ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ስኩዌር ሩት አውጡና በ4.12 አባዙት፣ የዛኛውንም እንደዛው፣ ደምሩት። ሁለት ሰው ሬዲዮውን 2 ሜትር ከፍታ ላይ ይዘው ቢቆሙ እያንዳንዱ 5.8፣ ድምሩ 12 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ እሱም ጠፍጣፋ ውሃ ላይ ምንም ሳይከልል። አንዱ ጀልባ አንቴናውን 9 ሜትር ምሰሶ ላይ ቢሰቅል ለብቻው 12.4 ያገኛል፣ ዋት ሳይጨምር። ሻጩ 30 ያለው አንዳችሁ ተራራ ላይ ከሆናችሁ ነው። የረር ጫፍ ላይ ያለ ሰው ከአቃቂ ሜዳ ጋር ይገናኛል፣ ሁለቱም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብሎክ መሐል ቢሆኑ ግን አንድ ኪሎ ሜትርም ላይሄድ ይችላል።

ከባትሪው ላይ ጥሩ ነው፣ መብራት ወይም ሞተር ሲበራ ጩኸት ይገባል። ከየት ነው?

ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀርና ኢንቨርተር ሞገድ ይረጫሉ፣ እሱ ነው። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ስኩዌልቹን ክፍት አድርጋችሁ አዳምጡ፣ የጠፋበት ቅጽበት ጥፋተኛው ተገኘ። አንዳንዴ ጩኸቱ ስኩዌልቹን ከፍቶ ራሱን ያሰማል፣ አንዳንዴ ግን ይባስ ብሎ ምንም ሳይሰማ ደካማ ጥሪዎችን ይሸፍናል፣ እናንተም «ዛሬ ጸጥ ብሏል» ትላላችሁ። የሞተር ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ፉጨቱ ከቀጠነ ደግሞ የሞተሩ ዲናሞ ነው፣ የሬዲዮውን ገመድ ከሌላ ዕቃ ጋር ሳትጋሩ በቀጥታ ከባትሪው ሳቡት።

ክዳን ያለውን ቀዩን በተን ልጄ ተጫነብኝ፣ ፖሊስ ይመጣል?

ያ የዲጂታሉ የድረሱልኝ ጥሪ በተን ነው፣ ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ሰከንድ ካልያዘው ጥሪውን አይልክም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ተረጋጉ። ልኮ ከሆነ ሬዲዮውን ወዲያው አጥፉት። ለምን ብትሉ የድረሱልኝ ጥሪው መልስ እስኪያገኝ ድረስ በየ4 ደቂቃው አካባቢ ራሱን ይደግማል፣ ካላጠፋችሁት አያቆምም። እዚህ ሰሚ መርከብ የለም። ባሕር ወይም ወደብ ላይ ከሆናችሁ ግን አጥፍቶ ዝም ማለት ነውር ነው፣ ሰው ነፍሱን ሸጦ ሊፈልጋችሁ ይወጣል፤ መልሳችሁ ክፈቱት፣ 16 ላይ ግቡና ለሁሉም ጣቢያዎች የጀልባችሁን ስምና መታወቂያ ቁጥሩን ተናግራችሁ ጥሪው በስሕተት እንደሆነ አስታውቁ። አዳዲሶቹ ላይ መሰረዣ ሜኑም አለ።

ከመርከብ የመጣ ቢጫ ሬዲዮ አለኝ፣ ባትሪው ቻርጅ አይቀበልም።

ባሕር ዳር ማሪታይም ተምረው የውጭ መርከብ ላይ የሚሠሩ ልጆች ናቸው ብዙ ጊዜ ይሄን የሚያመጡት፣ ጊዜው አልፎበት ሲቀየር። ይሄ የነፍስ አድን ሬዲዮ ነው፣ ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው፦ ለዕለት ሥራ ቻርጅ የሚደረገው፣ እና ማኅተም የተደረገበት የአደጋ ጊዜው። የአደጋ ጊዜው ከመጀመሪያውም ቻርጅ እንዲደረግ አልተሠራም፣ አንዴ ከፍታችሁ ቢያንስ 8 ሰዓት ትጠቀሙበታላችሁ ያልቃል፣ ላዩ ላይም የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። በግድ ቻርጅ ልታደርጉት ብትሞክሩ ሊፈነዳ ይችላል፣ እኔ ጋ «በሌላ ቻርጀር ሞክርልኝ» ብትሉኝም አልሞክርም።

ዩዝድ ገዛሁ፣ ውስጡ የሌላ ሰው ኤምኤምኤስአይ ቁጥር አለ፣ ሊጠፋ ይችላል?

ኤምኤምኤስአይ የመርከቧ ባለ 9 አሐዝ መታወቂያ ነው፣ የመርከብ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሐዞች አገር ይናገራሉ፣ 624 ኢትዮጵያ ነው፣ 621 ጅቡቲ። በ0 ከጀመረ የመርከብ አይደለም፣ በሁለት ዜሮ ከሆነ ደግሞ የጠረፍ ጣቢያ ነው፣ ስለዚህ ስትገዙ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን አንብቡት፣ ሬዲዮው ከየት እንደመጣ ከሻጩ በተሻለ ይነግራችኋል። ተሰርቆ የመጣ ሊሆንም ይችላል።

ማጥፋቱን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሬዲዮ ተጠቃሚው ይሄን ቁጥር አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ እንዲያስገባ ነው የሚፈቅደው፣ ከዛ ይቆለፋል፣ የሚፈታው የፋብሪካው ወኪል ነው። ተንኮል አይደለም። እናንተ ሐይቅ ላይ ሞተር ጠፍቶባችሁ ያንን ቀይ በተን ብትጫኑ፣ የሚሄደው ቁጥር የሌላ አገር ሰው ጀልባ ቁጥር ነው፣ ስልክ የሚደወለውም እሱ ቤት ነው፣ እሱም «እኔ ሶፋዬ ላይ ነኝ» ይላል። በድምፅ ማውራቱ ግን በቁጥሩ ምክንያት አይከለከልም፣ 16 እንደ ድሮው ይሠራል። ስለዚህ ቁጥሩ የማይጠፋ ዩዝድ ከሆነ ዲጂታሉን ጥሪ እንደሌለ ቁጠሩት፣ ዋጋም ስትደራደሩ እንደዛው አስባችሁ ተደራደሩ። ወደ እኔ ስታመጡትም ቀፎውን ብቻ አይደለም፣ ቻርጀሩንም፣ ማይኩንም፣ አንቴናውንም ይዛችሁ ኑ፣ ብዙ ጊዜ በሽተኛው ቤት የቀረው ዕቃ ነው።